ከኩፖን እስከ ፌስቡክ፦ የማስታወቂያ ሚዛን አጭር ታሪክ

ማስታወቂያ የሚያወጣ ነጋዴ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ዘወትር የሚያነሣው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ያወጣሁት ገንዘብ ገዢ አመጣልኝን?» የሚል ነው። የፊላደልፊያው ባለመደብር ጆን ዋናሜከር ለማስታወቂያ ከሚያወጣው ገንዘብ እኩሌታው በከንቱ እንደሚቀር፣ የትኛው እኩሌታ እንደ ሆነ ግን እንደማያውቅ ተናግሯል እየተባለ ይወራለታል። ንግግሩ የእርሱ መሆኑ ባይረጋገጥም ችግሩ እውነተኛ ስለ ሆነ አባባሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። ዛሬ በማኅበራዊ መገናኛዎች የሚካሄደው የገበያ ሥራ ለዚህ አሮጌ ጥያቄ በቍጥር መልስ ተገኝቷል ስለሚል፣ የሚዛኑን ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ሚዛን ከጋዜጣ ላይ ተቈርጦ የሚላክ ወረቀት፣ ማለት ኩፖን ነበር። ዕቃቸውን በፖስታ ይሸጡ የነበሩ የአሜሪካ ነጋዴዎች በየጋዜጣው በሚያወጡት ኩፖን ላይ የተለያየ ምልክት ያደርጉ ነበርና፣ የትኛው ጋዜጣና የትኛው አርእስት ብዙ ገዢ እንዳመጣ ቈጥረው ያውቁ ነበር። ክላውድ ሆፕኪንስ በ1923 «ሳይንሳዊ ማስታወቂያ» በሚል አርእስት ያወጣው መጽሐፍ ይህንኑ ልማድ ወደ መመሪያነት ከፍ አደረገው። በእርሱ እምነት የማስታወቂያ ክርክር የሚፈታው በአለቃ አስተያየት ሳይሆን በፈተና ነው።

ራዲዮ በተስፋፋ ጊዜ ግን ተቈርጦ የሚላክ ወረቀት አልነበረም። ስለዚህ አርተር ኒልሰን ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሁለት መምህራን የሠሩትን መሣሪያ በ1936 ገዝቶ አሻሻለው፤ በ1942ም የራዲዮ አድማጭ መለኪያ አገልግሎት አቋቋመ። መሣሪያው ራዲዮው በየትኛው ሰዓት በየትኛው ጣቢያ ላይ እንደ ነበረ ይመዘግባል። ከራዲዮው ፊት ሰው ይኑር አይኑር ግን አይመሰክርም። የሚለካው ነገርና ሊታወቅ የተፈለገው ነገር አንድ አለመሆናቸው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ግልጽ ሆነ።

የቍጥር ብዛት ለእውነት ዋስትና አለመሆኑም በዚያው በ1936 ታየ። «ሊተረሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ መጠይቅ ልኮ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ፣ የአሜሪካን ምርጫ ላንደን ያሸንፋል ብሎ ተነበየ። ነገር ግን ሩዝቬልት ከ48ቱ ክፍላተ ሀገር በ46ቱ አሸነፈ። መጽሔቱ ስሞችን የለቀመው በአብዛኛው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ስለ ነበር ድኻው ተዘነጋ፤ መልስ የላኩትም ካልላኩት የተለየ አሳብ ነበራቸው። በማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ በገበያ ጥናት ይሠራ የነበረው ጆርጅ ጋለፕ ግን እጅግ አነስተኛ በሆነ፣ በጥንቃቄ በተመረጠ ናሙና ትክክለኛውን አሸናፊ ተናገረ።

ኢንተርኔት ሲመጣ የኩፖን ዘመን የተመለሰ መሰለ። በ1994 በድረ ገጽ ላይ የሚጫን የማስታወቂያ ሰሌዳ ታየ፤ ጉግል በ2000 የማስታወቂያ አገልግሎቱን ጀመረ፤ በ2004 የተመሠረተው ፌስቡክም በ2007 የማስታወቂያ ሥርዓቱን ዘርግቶ በ2009 «ወድጄዋለሁ» የሚለውን ምልክት ጨመረ። ነጋዴው ቀድሞ በሳምንታት የሚያገኘውን መልስ አሁን በደቂቃ አገኘ። ሁለት ማስታወቂያዎችን ለሁለት በዕጣ ለተከፈሉ ተመልካቾች አሳይቶ ማወዳደርም ተቻለ፤ ይህም ሮናልድ ፊሸር በሮታምስቴድ የእርሻ ማሳዎች ላይ ያዳበረው የፈተና ዘዴ ነው።

ሆኖም አሮጌው ስሕተት አዲስ ልብስ ለብሶ ተመለሰ። በ2016 ፌስቡክ የቪዲዮ አማካይ የመመልከቻ ጊዜን አጋንኖ ሲያቀርብ መቈየቱን አመነ፤ ምክንያቱም አጠቃላዩን ጊዜ ሲያካፍል ከሦስት ሰኮንድ በታች የተመለከቱትን ከአካፋዩ ቍጥር ያስወጣ ነበር። ኢቤይ ደግሞ በ2012 ስሙን ጽፈው ለሚፈልጉት ሰዎች የሚከፍለውን ማስታወቂያ በአንዳንድ የመፈለጊያ ገጾች ላይ አቋርጦ ቢፈትን፣ ጎብኚዎቹ ሁሉም ለማለት ያህል ክፍያ በማይጠየቅበት መንገድ መጡለት። ማስታወቂያውን ይጫኑ የነበሩት ሰዎች ድሮውንም ሊመጡ የተነሡ ነበሩ። ይህ በሰርግ ቤት በር ላይ የቆመ አስተናጋጅ የገባውን እንግዳ ሁሉ «እኔ ጠራሁት» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ስንት ሰው ተጫነ የሚል ሳይሆን፣ ማስታወቂያው ባይኖር ስንት ሰው ይቀር ነበር የሚል ነው።

ከዚህ ሌላ ሚዛኑ ራሱ ዋጋ አለው። በኩፖን ዘመን ገዢው ስሙን የሚልከው ወድዶ ነበር። በ2018 ግን እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ ለካምብሪጅ አናሊቲካ መተላለፉ ተገለጸ፤ በ2019ም የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በፌስቡክ ላይ 5 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለ። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ስለ ወጣ፣ የደንበኛን መረጃ መሰብሰብ ከእንግዲህ የሙያ ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጕዳይ ነው።

እንግዲህ የመቶ ዓመቱ ታሪክ የሚያስተምረው ቍጥርን መናቅን አይደለም፤ ሆፕኪንስ የሠራው ሥራ ዛሬም ይሠራል። የሚያስተምረው ቍጥሩን ለአሠሪው ከማቅረብ በፊት ምን እንደ ተለካ፣ ማን እንደ ተዘነጋና መረጃው በማን ፈቃድ እንደ ተወሰደ መጠየቅን ነው። ይህን የማይጠይቅ ባለሙያ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ የትኛው እኩሌታ እንደ ባከነ ሳያውቅ ይቀራል።