የፎገራ ሜዳ አሰፋፈር
የፎገራ ሜዳ አሰፋፈር ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ለጎርፍ በሚጋለጥ ረባዳ መሬት ላይ የጸና የአርሶ አደሮች ኑሮ ነው። ጎርፉ የሚከሰተው ከጉና ተራራ የሚወርዱት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ከዳርቻቸው ሲወጡ እንዲሁም የሐይቁ ውኃ ከፍ ሲል ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ከባድ ጎርፍ ብዙ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል።

ጎርፉ ቤትና ሰብል ቢያጠፋም ለም ደለል ትቶ ይሄዳል። ውኃ የሚቋጥረው ጥቁር አፈር በክረምት ሩዝ፣ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ በቀሪው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ያበቅላል። የግጦሽ ሣሩም በወተቷ ለታወቀችው የፎገራ ላም ተስማሚ ነው። ሩዝ ከተስፋፋ ወዲህ አካባቢው ከአገሪቱ ዋና የሩዝ አምራቾች አንዱ ሆኗል። ይህ ጥቅምና በሌላ ስፍራ ያለው የእርሻ መሬት ጥበት ነዋሪዎቹ ሜዳውን እንዳይለቁ ያደርጋሉ።