ከቆሻሻ ክምር የሚወጣው ጋዝ ምንድን ነው? ጉዳቱስ?

ካምፕ ውስጥ ስለ ቆሻሻ ሲነሳ ሁላችንም የምናማርረው ስለ ሽታው፣ ስለ ዝንቡና ስለ ጭሱ ነው። እኔ ዛሬ ላስረዳችሁ የፈለግኩት ግን በዓይን ስለማይታየው ጋዝ ነው። ነገሩ የትልልቅ ከተሞች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ የምግብ ትራፊ ተጠራቅሞ በሚቀበርበት ቦታ ሁሉ፣ መጠኑ ይለያይ እንጂ፣ ይኸው ጋዝ ይፈጠራል።

እንዴት ይፈጠራል?

የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተረፈ ምግብ፣ ወረቀትና ሣር ሲጣል መጀመሪያ አየር እያገኘ ይበሰብሳል። ከላዩ ሌላ ቆሻሻ ሲጫነው ግን አየር ያጥረዋል። ያኔ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ሥራውን ይረከቡና ቀስ በቀስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ማውጣት ይጀምራሉ። ከቆየ ክምር የሚወጣው ጋዝ በግምት ግማሹ ሚቴን፣ ግማሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድም በጥቂቱ ይኖርበታል፤ እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። ሚቴን ራሱ ሽታ የለውም። ስለዚህ "አይሸትም፣ እንግዲህ ችግር የለም" ማለት አይቻልም። መጣያው ከተዘጋ በኋላም ጋዙ ለ20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወጣ ይችላል።

እሳትና መደርመስ

ሚቴን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ መጠኑ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን በትንሽ እሳት ይፈነዳል። ሚያዝያ 20 ቀን 1985 ዓ.ም በቱርክ፣ ኢስታንቡል ኡምራኒዬ በሚባል ሰፈር የቆሻሻ ክምር ውስጥ የተጠራቀመ ሚቴን ፈንድቶ፣ ክምሩ በቤቶች ላይ ተንዶ 39 ሰዎች ሞተዋል።

በእኛም አገር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የአዲስ አበባው ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም ደግሞ ካምፓላ ውስጥ የኪቴዚ መጣያ ተንዶ ከ30 በላይ ሰዎች አልቀዋል። የእነዚህ ሁለቱ ምክንያት ጋዝ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ከልክ በላይ መከመር፣ የዳገቱ ቁመትና የዝናብ ውሃ ክምርን ያዳክማሉ፤ መውጫ ያጣ ጋዝ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። በሦስቱም ቦታ የሞቱት ከክምሩ ሥር ወይም አጠገብ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር ስለሚከብድ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሰውየው ሽታው የጠፋ መስሎት እዚያው ይወድቃል። በዚህ ዓይነት ጉድጓድ ሰው ቢወድቅ ያለ መሣሪያ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ነው።

በአየር ንብረት ላይ

ሚቴን ሙቀት በማመቅ በ20 ዓመት ውስጥ ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ ይበረታል፤ በ100 ዓመት ሲለካ 28 ጊዜ ያህል። ሆኖም አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቢቀነስ ውጤቱ በልጆቻችን ዕድሜ ይታያል።

ከተሞች ምን ያደርጋሉ?

አንዳንዶቹ ክምሩን በአፈር ሸፍነው፣ ጋዙን በቧንቧ ስበው ያቃጥሉታል ወይም መብራት ያመነጩበታል። ሚቴኑ ሲቃጠል ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀየር ጉዳቱ ይቀንሳል። ብዙ ሰው የረጲው ጣቢያም በጋዝ የሚሠራ ይመስለዋል፤ እሱ ግን የተሠራው ቆሻሻውን ራሱን አቃጥሎ መብራት ለማመንጨት ነው። ጃፓኖች ፉኩኦካ የሚሉት ርካሽ ዘዴም አለ። ከክምሩ ሥር ቧንቧ ተዘርግቶ ፈሳሹ ይወጣል፣ አየር ደግሞ ይገባል። አየር ሲገባ ሚቴን ይቀንሳል። ከአደጋው በኋላ ቆሼ ላይም ይኸው ዘዴ ሥራ ላይ ውሏል።

እኛስ?

ቧንቧ ባይኖረንም መርሁ ያው ነው፤ ለሚበሰብሰው ነገር አየር መስጠት።

1. ልጣጭና የምግብ ትራፊን ከፌስታልና ከፕላስቲክ ለይታችሁ አስቀምጡ። ፍየል የሚበላውን ለፍየል መስጠትም አንድ መላ ነው።

2. የቀረውን ከደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ጋር እያፈራረቃችሁ ከምሩና ኮምፖስት አድርጉት። በየሳምንቱ ገደማ አገላብጡት። እርጥበቱ ተጨምቆ ውሃ እንደወጣለት ጨርቅ ይሁን። ከሸተተ አየር አጥሯል ማለት ነው። ሲበስል ለጓሮ ጎመን ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል።

3. ጉድጓዱ ላይ እሳት አትለኩሱ። ከላይ የጠፋ እሳት ከሥር ለሳምንታት ሊጤስ ይችላል፤ የፕላስቲክ ጭስ ደግሞ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ አለው።

4. ሞልቶ በተዘጋ ጉድጓድ ላይ ቤት አትሥሩ፣ ምድጃም አታንድዱ።

5. ክምሩ ከተሰነጠቀ፣ ካበጠ ወይም ያለ እሳት ከጤሰ ልጆችን አርቁና ለብሎክ መሪ ወይም ለጽዳት ኮሚቴው ወዲያው ንገሩ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመው የመጀመሪያው ነው። የሚበሰብሰው ነገር ጉድጓድ ካልገባ ሚቴኑም አይፈጠርም፤ ለዚህ ደግሞ ከየቤታችን ሁለት ባልዲ ይበቃል።