ሳንባ ኦክስጅንን ይገፋል ወይስ ያሳልፋል? የኮፐንሀገኑ ክርክር

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፊዚዮሎጂ ሊቃውንት ደም አየር እንደሚሸከም አረጋግጠው ነበር። በርሊናዊው ጉስታቭ ማግኑስ እ.ኤ.አ. በ1837 በአየር መምጠጫ ፓምፕ ከደም ውስጥ ጋዞችን ስቦ በማውጣት፣ ከልብ ወደ ሰውነት የሚሄደውም ሆነ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ኦክስጅንም ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዳለው፣ የሚሄደው ግን በኦክስጅን እንደሚበልጥ አሳየ። ፌሊክስ ሆፐ-ዛይለር ደግሞ ለደም ቅላቱን የሚሰጠውንና ኦክስጅኑን የሚይዘውን ብረት አዘል ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1864 ሄሞግሎቢን ብሎ ሰየመው። ሳይፈታ የቀረው፣ ኦክስጅኑ መጀመሪያውኑ ከሳንባ ወደ ደም የሚሻገረው በምን ኃይል ነው የሚለው ጥያቄ ነበር።

አንደኛው ወገን ጋዝ ግፊቱ ከሚበዛበት ወደሚያንስበት በራሱ ስለሚሰርግ፣ ማለትም በዲፊዩዥን ስለሚያልፍ፣ ሌላ ኃይል አያስፈልገውም ይል ነበር። የኮፐንሀገኑ ፕሮፌሰር ክርስቲያን ቦር፣ በኋላ በአቶም ጥናት ዝነኛ የሆነው የኒልስ ቦር አባት፣ ይህን አልተቀበለም። እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጣው ጥናት በውሾች ላይ ባደረጋቸው ልኬቶች አንዳንዴ የደሙ የኦክስጅን ግፊት ከሳንባው አየር በልጦ ማግኘቱን ገልጾ፣ ሳንባ እንደ እጢ እየሠራ ኦክስጅንን ወደ ደም ይገፋል ሲል ደመደመ። ሐሳቡ ያለ መነሻ አልነበረም፤ ዓሣ በመንሳፈፊያ ፊኛው ውስጥ ኦክስጅንን ከዙሪያው ውኃ እጅግ በላቀ ግፊት እንደሚያጠራቅም የታወቀ ነበርና።

ይህን ድምዳሜ ያፈረሰው የገዛ ረዳቱ አውጉስት ክሮግ ነው። ክሮግ በሠራው መሣሪያ ከእንስሳው ደም ቅዳ የሚመጣው ደም ከምስር ፍሬ በማትበልጥ የአየር አረፋ ዙሪያ ይፈስሳል፤ የአረፋዋና የደሙ ግፊት እኩል ሲሆን አረፋዋ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ትሳብና ርዝመቷ ይለካል፤ ከዚያም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ ቀጥሎም ኦክስጅኑ በኬሚካል ተመጥጦ በየጊዜው ያጠረችው መጠን የእያንዳንዱን ጋዝ ድርሻ ይናገራል። አረፋዋ ትንሽ በመሆኗ ከደሙ ጋር ፈጥና ትስማማለች፤ የአሮጌዎቹ መሣሪያዎች ድክመትም እዚህ ላይ ነበር። ክሮግና ሐኪሟ ባለቤቱ ማሪ የደሙ ኦክስጅን ግፊት ምንጊዜም ከሳንባው አየር እንደሚያንስ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1910 ውጤታቸውን በ7 ጽሑፎች ሲያወጡ፣ ክሮግ መምህሩን ለመቃወም መገደዱን በአክብሮት ገልጾ ባለዕዳነቱንም መሰከረ።

ዲፊዩዥን ብቻውን የሚበቃበት ምክንያት በሳንባው አሠራር ውስጥ ይታያል። በጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች፣ በአልቪዮላይ፣ የኦክስጅን ግፊት 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን፣ ከሰውነት በሚመለሰው ደም ወደ 40 ይወርዳል፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ደግሞ ከአንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር ይሳሳል። ከተሻገረው ኦክስጅን በደም ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ 100 ሚሊ ሊትር ደም ከሚይዘው 20 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ከ0.3 የማይበልጠው ብቻ ሟሙቶ ይጓዛል፣ የቀረውን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአመዛኙ በሌላ መንገድ ይሄዳል። አብዛኛው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ባይካርቦኔት ወደተባለ ውሁድ ይለወጣል፤ ጥቂቱ ከሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፣ ጥቂቱም ይሟሟል። ሁለቱን ጋዞች ያገናኘው ደግሞ ራሱ ቦር ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ከካርል ሃሰልባልክና ከክሮግ ጋር ሆኖ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛ ቁጥር ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን አጥብቆ መያዝ እንደሚያቅተው አሳየ፤ በዚህም የሚሠራ ጡንቻ የሚያወጣው ቆሻሻ ጋዝ የሚፈልገውን ኦክስጅን ከደሙ ያስለቅቅለታል።

ክርክሩ ግን ወዲያው አልበረደም። ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ ኮሎራዶ 4,300 ሜትር በሚደርሰው ፓይክስ ፒክ ላይ ባደረገው ጥናት፣ ከፍታን የለመደ ሳንባ ኦክስጅን ይገፋል ብሎ ጸና። ጆሴፍ ባርክሮፍት ይህን ለመፈተን እ.ኤ.አ. በ1920 በካምብሪጅ ኦክስጅኑ በተቀነሰ የመስታወት ክፍል ውስጥ 6 ቀን ኖሮ፣ በመጨረሻ የእጁ ደም ቅዳ ተከፍቶ ደም እንዲቀዳለት አደረገ። ደሙ ጠቆር ያለ ነበር፤ ከገዛ ሳንባው አየር ጋር ሲያገናኙትም ተጨማሪ ኦክስጅን ወሰደ። ሳንባው ቢገፋ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1936 እስኪሞት ድረስ አልተረታም። ቦር ስለ ሳንባ ተሳስቷል፤ ስለ ዓሣው ፊኛ ግን እውነት ነበረው፣ እዚያ ኦክስጅኑን ከሄሞግሎቢን የሚያስለቅቀውም አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የ1904ቱ ግኝቱም ዛሬ በሕክምና ትምህርት ቤቶች «የቦር ውጤት» ተብሎ ይሰጣል።