ልጓም፣ ፍሬን፣ ተሳቢ

ሰዋስው ለተማረ ሰው «ተሳቢ» ሲባል ቶሎ የሚታሰበው «ን» የምትከተለው ስም ነው፤ «ገበሬው በሬውን ሸጠ» ካልን በሬው ተሳቢ ነው። በጅቡቲ መንገድ ለሚመላለስ ሾፌር ግን ተሳቢ ማለት ከመኪናው ኋላ የሚከተለው፣ ሞተር የሌለው፣ የራሱ ጎማና የራሱ ፍሬን ያለው ጭነት ተሸካሚ ነው። ሁለቱም ትርጉሞች ከአንድ ግሥ ወጥተዋል። ግዕዙ «ሰሐበ» ይላል፤ አማርኛ የጉሮሮዋን ፊደል «ሐ»ን ውጦ «ሳበ» አደረገው፣ «ሠሐቀ»ን «ሳቀ» እንዳለው፣ «ስሕተ»ን «ሳተ» እንዳለው ሁሉ። ዐረቦች በዚሁ ሥር «ሰሓበ» ብለው መጎተትን ይናገራሉ፤ ነፋስ የሚስበውን ደመናም «ሰሓብ» ይሉታል። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በየቀኑ የሚሰሙት «ሳኻቭ»ም ይኸው ነው።

አማርኛ ከዚህ ሥር ብዙ ወልዷል። የጠረጴዛው መሳቢያ፣ ሳቢ መልክ፣ የምድር ስበት ሁሉም የሳበ ልጆች ናቸው። ስበት በተለይ ከተሳቢ ተለይቶ አይታይም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። በዚያ ቁልቁለት ተሳቢውን የሚስበው ፊት ያለው መኪና መሆኑ ይቀርና ምድር ራሷ ትስበዋለች፤ ተሳቢው መኪናውን ከኋላ መግፋት ይጀምራል። ለተሳቢ የራሱ ፍሬን ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

በጽሕፈት «ተጎታች» የሚለውን የሚመርጡ አሉ። እኔ ተሳቢ ይሻላል እላለሁ። ጎተተ መሬት ለመሬት ማንገላታትን ያመጣል፤ ከእሱ የወጣው «ጎታታ» ሥራ የማያፈጥን ሰው ስድብ ነው። ጎማ ያለው፣ ፍሬን ያለው፣ በሥርዐት የሚከተል ነገር ተስቦ ይሄዳል እንጂ አይጎተትም። የሚጎተትስ የተበላሸ መኪና ነው።

ወደ ፍሬን እንምጣ። ቃሉ ከጣሊያንኛው «ፍሬኖ» መጣ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ጋራዡ ውስጥ ያለው አብዛኛው ቃል የጣሊያን ስለሆነ ግምቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ለእኔ ግን ፈረንሳይኛው «ፍሬን» ያመዝናል። አማርኛ ከጣሊያን የወሰዳቸውን የመኪና ቃላት መጨረሻ አናባቢ ብዙ ጊዜ አይጥልም፦ ማርቴሎ፣ ፍሬቻ፣ ባሌስትራ፣ ታኮ፣ ቱቦ። ፍሬን ግን እንደ ሾፌርና እንደ ጋራዥ በተነባቢ ያልቃል፤ እነዚያም የፈረንሳይ ናቸው። ከዚያም በላይ፣ የጣሊያን ካሚዮን ደጋውን ከመውጣቱ በፊት የፈረንሳዮች ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሷል። ለገሃር «ላ ጋር» ከሚለው፣ ፉርጎ «ፉርጎን» ከሚለው የመጡልን በዚያ ሐዲድ ነው። ፉርጎ ደግሞ እየተቀጣጠለ የሚሳብ፣ ፍሬን የግድ የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ አገራችን ቀድማ ካየቻቸው በሞተር የሚሳቡ ትልልቅ ተሳቢዎች አንዱ እሱ ነበር።

የጣሊያኑም የፈረንሳዩም ቃል የተወለደው ከላቲን «ፍሬኑም» ነው፤ ትርጉሙም ልጓም ነው። የፈረስ አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት ስሙን ለመንኰራኵር ማቆሚያ አወረሰ። ፈረንሳዮች ፉርጎን ከፉርጎ የማያያዝን ሥራም «አትላዥ» ይሉታል፤ እሱም ፈረስን ከሠረገላ የመጥመድ ስም ነበር። ልጓሙንም መጥመጃውንም ከፈረሱ ወደ ባቡሩ አዛወሩት። እኛ ፍሬንን ወሰድን፣ አትላዥን ተውን።

አማርኛ ተናጋሪ የላቲኑን ታሪክ ሳይሰማ ያንኑ መንገድ ሄዷል። አያቶቻችን «አንደበቱ ልጓም የለውም» ያሉትን ሰው ዛሬ ከተሜው «አፉ ፍሬን የለውም» ይለዋል። ልጓምንስ ከየት አመጣነው? ዐረብኛው «ሊጃም» ነው፣ ዐረብኛውም ከፋርስ «ላጋም» የተቀበለው ነው፤ በግዕዝም ገብቶ ይገኛል። ፍሬን ባዕድ ነው ብለው በአገርኛ ቃል ሊተኩት የሚሹ ሰዎች ይህን ቢያስቡት እወዳለሁ፦ ልጓምም በዘመኑ እንግዳ ነበር፤ ከፈረሱ ጋር ኖሮ ኖሮ ዘመድ ሆነ።

የሚገርመኝ ሌላ አነጋገር አለ። መኪና መቆም ሲያቅተው «ፍሬን በጠሰ» እንላለን። በጠሰ የገመድ፣ የጠፍር፣ የልጓም ማሰሪያ ግሥ ነው፤ ፈረስ ማሰሪያውን በጥሶ ያመልጣል። በትልልቆቹ ተሳቢዎች ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1869 ለባቡር የአየር ፍሬን አወጣ፤ የመጀመሪያው አሠራር ቱቦው ከተበጠሰ ባዶ ይቀር ነበር። በ1870ዎቹ መጀመሪያ አሠራሩን ገለበጠው፦ የታመቀው አየር ካለ ጎማው ነጻ ነው፤ አየሩ ካመለጠ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። ዛሬ ከሳቢው መኪና ወደ ተሳቢው ከሚዘረጉት ቱቦዎች ቀዩ አየሩን የሚመግበው ነው፤ በአውሮፓ ሥርዐት ቢጫው ደግሞ ሾፌሩ ፔዳል ሲረግጥ ትእዛዙን ያደርሳል። ቀዩ ቱቦ ቢበጠስ ተሳቢው ይቆማል። እዚህ ላይ መበጠስ የሚያመጣው መቆምን ነው። እንዲህም ሆኖ አነጋገሩ የፈረሱን ዘመን አልለቀቀም።

ቁልቁለት ላይ እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ታምቡሩና ሸራው ነው። ታምቡር በጣሊያንኛ «ታምቡሮ» ከበሮ ነው። ጎማው ውስጥ የሚሽከረከረው ክብ ብረት ከበሮ ስለሚመስል ስሙን አገኘ። አማርኛ በዚሁ ቃል የሰልፈኛን ከበሮ ይጠራል፤ በጆሯችን ውስጥ ያለውን ስስ ቆዳም የጆሮ ታምቡር ይለዋል። ሐኪሙና መካኒኩ በአንድ ቃል ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ያክማሉ።

ሸራ ከሁሉም ይበልጥ የምወደው ነው። ሸራ ድንኳን ነው፣ የጭነት መሸፈኛ ነው፣ ሸራ ጫማ ነው፤ ሥሩ በዐረብኛ የመርከብ ሸራን ወደሚጠራው «ሺራዕ» ይወስዳል። ታምቡሩን ከውስጥ እየተጫነ የሚይዘው ጠንካራ ንጣፍ ስለ ምን የጨርቅ ስም ወጣለት? መልሱ በንጣፉ አመጣጥ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1897 በእንግሊዝ ደርቢሺር ሄርበርት ፍሩድ የተባለ ሰው ገበሬዎች በቁልቁለት የጋሪያቸውን የእንጨት ፍሬን በአሮጌ ጫማ ቆዳ ሲለብጡ አይቶ የተሻለ ንጣፍ ለመሥራት ተነሣ። የሠራውም በሙጫ መሰል ነገር የራሰ ሽምን ጨርቅ ነበር። ኋላ ሙቀት እንዲችል የአስቤስቶስ ክር ተሸመነበት። የፋብሪካውን ስም የሰየመው የራሱን ስም ፊደላት አዟዙሮ፣ ከሚስቱ ከኤልሳቤጥ ስም አንድ ፊደል ጨምሮ ነው፤ «ፌሮዶ» ሆነ። ጣሊያኖች ፌሮዶን የማንኛውም ፍሬን ንጣፍ መጠሪያ አደረጉት። አማርኛ ግን የሰውየውን ስም ትቶ የዕቃውን ጥንተ ተፈጥሮ ያዘ፤ የዛሬው ንጣፍ ተጨምቆ የተሠራ ድፍን ነገር ቢሆንም ሸራ የሚለው ስም ጨርቅ የነበረበትን ዘመን ይመሰክራል። (የቆዩ መኪናዎችን ፍሬን የሚከፍቱ ወንድሞቼ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ አቧራውን በአፍም በአየርም አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። አስቤስቶስ ሳንባን ይገድላል።)

ቃሉ ድክመትም አለው። «ፍሬን ሸራ» ስንል አንዳንዴ የምንጠራው ንጣፉን ብቻ ነው፣ አንዳንዴ ንጣፉ የተመታበትን ጨረቃ ቅርጽ ያለውን ብረት ጭምር ነው። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ቆሞ «የተሳቢ ሸራ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስሙ ብቻ አያድነውም። የንጣፉ ስፋት፣ ውፍረቱ፣ የቀዳዳው ብዛት፣ የታምቡሩ የውስጥ ዲያሜትር ተለክቶ መቅረብ አለበት። ታምቡሩ ቶርኖ ቤት ገብቶ ከተላገ ደግሞ ውስጡ ይሰፋል፤ የድሮው ልክ ንጣፍ አይደርስበትም፣ ወፍራሙ መፈለግ አለበት። ታምቡሩ ላይ የታተመው የመጨረሻ ስፋት ካለፈም ምንም ሸራ አይጠግነውም፣ መጣል ነው። ቶርኖም «ቶርኒዮ» ከሚለው የጣሊያን ቃል መጥቶ የአገር ሙያ ስም ሆኗል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። ባሌስትራ በጣሊያን ቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ነው፤ ጎብጦ የሚመለሰው ድርብርብ ብረት የዚያን ደጋን ስም ወረሰ። ኩሽኔታ «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው፣ ዘንጉ የሚንተራሰው። ፍሬቻ ቀስት ናት። ቦቴ በርሜል ነው፤ ነዳጅ የሚጭነው መኪና ዛሬም በበርሜል ስም ይጠራል። ታኮ የጫማ ተረከዝ ነው፤ ዳገት ላይ የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት አውታንቲው ወርዶ ጎማ ሥር የሚሸጉጠው እሱን ነው፤ አውታንቲ ራሱ «አዩታንቴ»፣ ረዳት ማለት ነው። መኪኖቹም በቁጥራቸው ተጠሩ፦ ትሬንታ ኳትሮ ሠላሳ አራት ነው፣ ፊያት እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ ከሠራው 634 ከሚባለው ካሚዮን የመጣ፤ ኤን ትሬ የፊያት 682 ኤን 3 ነው።

የሚያስቆጨኝ የማያያዣው ነገር ነው። ሞፈርና ቀንበርን የሚያገናኘውን ጠፍር ምራን የሚል ቋንቋ፣ ሳቢና ተሳቢን ለሚያገናኘው ብረት የራሱን ቃል አላወጣም። ቃል ማጣቱ ጥፋት ያመጣል፤ ምክንያቱም በአማርኛ ተሳቢ የምንላቸው ሁለት ዐይነት ናቸው። አንደኛው አራቱንም ማዕዘን በራሱ ጎማ የቆመ፣ በመጎተቻ ዘንግ የሚያያዝ ነው። ሌላው የፊት ክብደቱን ሳቢው ጀርባ ላይ የሚጥል ነው። የኋለኛው የሚያርፍበት ክብ ሳህን በእንግሊዝኛ «አምስተኛ ጎማ» ይባላል፤ ይህም ከፈረስ ሠረገላ የመጣ ስም ነው፣ ከአራቱ ጎማ ሌላ የፊቱን ዘንግ የሚያዞረው ጋደም ያለ ክብ አምስተኛ ሆኖ ስለተቆጠረ። ወደ ሳህኑ የሚገባው ኪንግ ፒን በሁለት ልክ ይሠራል፦ 50 ሚሊ ሜትር ገደማና 90 ሚሊ ሜትር ገደማ። ቀጭኑ አዲስ ሲሆን 50.8 ነው፤ ተበልቶ 49 ከደረሰ መቀየር አለበት። በብየዳ አወፍሮ መመለስ የሰው ነፍስ ላይ መፍረድ ነው።

አውሮፓ ያሉ ወገኖች ለሽርሽር የሚስቡት ካራቫን የራሱ ታሪክ አለው። በፋርስኛ «ካርዋን» የነጋዴ ጉዞ ነው፤ እኛ ቅፍለት የምንለው፣ ዐረቦች «ቃፊላ» የሚሉት። ከሰልፉ ወደ ሠረገላው፣ ከሠረገላው ወደ ተንቀሳቃሽ ቤቱ ተሻገረ፤ ተቆርጦም ቫን ሆነ። የካራቫን ማያያዣ 50 ሚሊ ሜትር ኳስ ነው። ክብደቱ ከ750 ኪሎ ግራም ካለፈ ፍሬን ይጠየቅበታል፤ ያም ፍሬን የሚሠራው ካራቫኑ ራሱ ወደ ፊት ሲገፋ ነው። ብዙዎቹ ላይ የታተመው «አልኮ» የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1931 ድርጅቱን የመሠረተው የጀርመናዊው የአሎይስ ኮበር ስም መጀመሪያ ነው። መለዋወጫ ስትገዙ ስሙን ብቻ አትናገሩ፤ ማያያዣው ላይ የተለጠፈችውን ቆርቆሮ አንብባችሁ ቁጥሩን ጻፉ።

ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን ታላቅ መዝገበ ቃላታቸውን ሲያዘጋጁ የገበሬውን፣ የሸማኔውን፣ የካህኑን ቃል በትጋት ሰብስበዋል። የጋራዡም ቃል እንዲሁ ተሰብሳቢ ይፈልጋል። ትሬንታ ኳትሮን የነዱ፣ ሸራ የመቱ፣ ታኮ የሸጎጡ ሽማግሌዎች እያለቁ ነው፤ ወጣቱ መካኒክ ደግሞ ቃሉን ከእንግሊዝኛው ካታሎግ እየወሰደ ነው። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ በከባድ መኪና ላይ የሠሩ ከሆነ፣ ከመኪናው አጠገብ አስቀምጣችሁ እያንዳንዱን ዕቃ በጣታቸው እያሳዩ ስሙን እንዲነግሯችሁ ለምኗቸው። ስሙን ከዕቃው ሥዕል ጋር ጻፉት፤ የት መንገድ፣ በየትኛው መኪና ላይ እንደሰሙትም ጨምሩበት።