የእናት ዛፏ ቁጥር፦ የቡና ዘር አበዛዝ ከትናንት እስከ ዛሬ

በቡና አምራች አካባቢ የሚኖር አርሶ አደር “74110” ወይም “74112” ሲባል ግር አይለውም። ከችግኝ ጣቢያ ችግኝ የሚጠይቀውም በቁጥር ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የአንዲት እናት ዛፍ መጠሪያ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዛፏ የተመረጠችበትን ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታሉ። ቀሪዎቹ ደግሞ የዛፏ ተራ ቁጥር ናቸው። የአንዲት ዛፍ ቁጥር የሺህዎች ማሳ መጠሪያ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ከቡና አበባ መነሳት ያስፈልጋል።

ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል

የአረቢካ ቡና አበባ ወንዴና ሴቴ አካሎቹን በአንድነት ይዞ ይፈካል። ከአሥር ዘሮች ዘጠኝ ያህሉ የሚፈጠሩት በዚያው ዛፍ የአበባ ዱቄት በመሆኑ፣ ከዘር የበቀለው ችግኝ በአብዛኛው እናቱን ይመስላል።

ይህ ባሕርይ ቡናን በጥቂት ተክሎች ዓለምን እንዲያዳርስ አስችሎታል። እ.ኤ.አ. በ1706 ሆላንዶች ከጃቫ አንድ የቡና ተክል ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት ማዕከል ወሰዱ። በ1714 ከዚያ ዘር የተገኘ አንድ ችግኝ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተበረከተ። በ1720ዎቹ ደግሞ ልጆቹ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተሻገሩ። የላቲን አሜሪካ ቡና በአብዛኛው ከዚህ ሐረግና ፈረንሳዮች ከየመን ወደ ሬዩኒየን ደሴት ከወሰዷቸው ጥቂት ተክሎች የተገኘ ነው።

ነገር ግን የተመሳሰለ ማሳ አንድ በሽታ ሲገባበት የሚተርፍለት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1869 በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የቅጠል ዋግ ታየ። ብዙም ሳይቆይ የቡና እርሻው ወድሞ ደሴቲቱ ፊቷን ወደ ሻይ አዞረች።

እናት ዛፎቹ

ተመሳሳይ አደጋ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን ደረሰ። ሲ.ቢ.ዲ. በመባል የሚታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ ገና ያልበሰለውን ፍሬ እያጠቆረ ያረግፍ ጀመር። የዓመት ልፋት ከዛፉ ሥር ወድቆ ቀረ።

የጅማ (መልኮ) ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በደቡብ ምዕራብ ጫካዎችና በአርሶ አደሩ ጓሮ እየተዘዋወሩ በታመሙት መካከል ጤናማ ፍሬ የያዙ ዛፎችን ፈለጉ። ከተገኙት መካከል በመቱ አካባቢ የተመረጡት የ74110 እና የ74112 እናት ዛፎች ይገኙበታል። ፍሬያቸውና ችግኛቸው በበሽታው ተዋሲያን ተፈትኖ ያለፉት፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአርሶ አደሩ ተሠራጩ። ሲሎንን የጎዳት መመሳሰል እዚህ ጠቀመ፤ የእናት ዛፏ ዘር የእርሷን መቋቋም ይዞ ስለሚወጣ በፍጥነት ሊባዛ ቻለ። ልዩነቱ የአገራችን ጫካና ጓሮ ብዙ ዓይነት እናት ዛፎች የነበሩት መሆኑ ነው።

ከዘር ወደ ቁርጥራጭ

ከዚያ በኋላ እንደ አባቡና ያሉ ድቅል ዝርያዎች ወጡ። ድቅል ግን ዘሩ ቢዘራ ልጆቹ ይለያያሉ፤ እናቱን የሚመስል ችግኝ አይገኝም። ስለሆነም በእጅ በተዳቀለ ዘር፣ በቁርጥራጭ ወይም በቲሹ ካልቸር ማባዛት ግድ ሆነ።

በቁርጥራጭ ለማባዛት የተክሉን አካል ማወቅ ያስፈልጋል። ቡና ሁለት ዓይነት ቅርንጫፍ አለው፤ ቀጥ ብሎ የሚወጣና ወደ ጎን የሚዘረጋ። ከጎን ቅርንጫፍ የተወሰደ ቁርጥራጭ ሥር ቢያወጣም ዕድሜውን ሙሉ ወደ ጎን ይዘረጋል እንጂ ቆሞ ዛፍ አይሆንም። ስለዚህ ለችግኝ የሚፈለገው ከቀጥተኛው ቀንበጥ የሚቆረጠው ነው።

የጉንደላም ምስጢር ይኸው ነው። በግንዱ ላይ በየቅጠሉ ብብት የተኙ እንቡጦች አሉ። ያረጀው ግንድ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በሰያፍ ሲቆረጥ የተኙት ይነቃሉ፤ የሚያቆጠቁጡትም ቀጥ ያሉ ቀንበጦች ናቸው። ከእነዚህ ጠንካሮቹ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ተመርጠው ሲቀሩ አሮጌው ሥር አዲስ ዛፍ ይሸከማል።

የማኅበራት ድርሻ

ይህ ታሪክ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛ፣ ለችግኝ የሚሆን ዘር ከታወቀ እናት ዛፍ በቀይ እሸቱ ተለቅሞ በጥላ ሊደርቅ ይገባል፤ ከሥር የተለቀመ ዘር እናቱም ጤንነቱም አይታወቅም። ዓመት የከረመ ዘርም ብቅለቱ ደካማ ነው። ሁለተኛ፣ የተሻሻለ ዝርያ ሲመጣ የአያቶችን ቡና ሙሉ በሙሉ መንቀል አይገባም። ሐረርን፣ ሲዳማንና ወለጋን ለመሳሰሉ አካባቢዎች ከየራሳቸው ነባር ቡና ዝርያ መምረጥ ያስፈለገው፣ የየአካባቢው ጣዕም ከሌላ ቦታ በመጣ ቡና ስለማይተካ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኙት ዛፎች የተገኙት ቀደም ብሎ ማንም ስላልቆረጣቸው ነው። ለሚቀጥለው በሽታ መልስ የምትሆነው እናት ዛፍም ምናልባት ዛሬ ቁጥር ሳይሰጣት በአንድ አባል ጓሮ ቆማ ይሆናል።