የደን በር ስለ ምን ይዘጋል?

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ብዙ ጊዜ ስለ ጠብና ስለ ዕዳ ሲነገር እንሰማዋለን። ነገር ግን ይህን ቃል በእሳት ላይ ሕግ አድርገው የሚሠሩበት አገር አለ። በምዕራባዊው የዩናይትድ ስቴትስ ክፍል፣ በጋው በደረቀ ጊዜ፣ ለሽርሽር የሚወጣ ሰው በጫካ ውስጥ እሳት እንዳያነድድ ይከለከላል፤ ድርቀቱም ሲብስ የደኑ በር ጨርሶ ይዘጋበታል። ይህ ክልከላ እንዴት እንደ መጣና ስለ ምን እንዳስፈለገ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የዚያ አገር የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1905 ነው። ገና አምስት ዓመት እንደ ሞላው፣ በኦገስት 20 እና 21 ቀን 1910፣ በአይዳሆና በሞንታና ብርቱ ነፋስ ተነሥቶ በየሸለቆው ይጤስ የነበረውን እሳት ሁሉ አንድ አደረገው። በሁለት ቀን ውስጥ 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ምድር ተቃጠለ፤ ከ80 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ እሳቱን ለማጥፋት የወጡ ሠራተኞች ነበሩ። ከዚህ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ በእሳት ላይ እጅግ ጨከነ፤ በ1935 የወጣውም መመሪያ፣ የታየ እሳት ሁሉ በማግሥቱ ከጧቱ በአራት ሰዓት በፊት እንዲጠፋ የሚያዝ ነበር።

ይሁን እንጂ የሚጠፋው እሳት ብቻ ሳይሆን የሚያነድደው ሰውም መታሰብ ነበረበት። አውቶሞቢል እየበዛ በሄደ ቍጥር ብዙ ሕዝብ ድንኳኑን ጭኖ ወደ ጫካ ይወጣ ጀመር። ስለዚህ በ1944 ባርኔጣ ያደረገ ድብ በሥዕል ተሥሎ ሕዝቡን ስለ እሳት እንዲመክር ተደረገ፤ ስሙም ስሞኪ ይባላል። በ1950 ደግሞ በኒው ሜክሲኮ ከቃጠሎ የተረፈ አንድ የድብ ግልገል ይኸው ስም ተሰጥቶት በዋሽንግተን የአራዊት መጠበቂያ እስከ 1976 ድረስ ኖረ። ምክሩ ብዙዎችን እንዳስተማረ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ምክር ብቻውን ስላልበቃ ክልከላ አስፈለገ።

የክልከላው አሠራር በደረጃ የተከፈለ ነው። የደን ሠራተኞች ከጥድ እንጨት የተሠሩ ቀጫጭን ዘንጎችን በሜዳ ላይ አኑረው ይመዝናሉ። ዘንጎቹ ጨርሰው ሲደርቁ 100 ግራም ስለሚመዝኑ፣ ሚዛኑ 105 ግራም ቢያሳይ በእንጨቱ ውስጥ የቀረው እርጥበት 5 ከመቶ ብቻ መሆኑ ይታወቃል። ከዚህም፣ ከነፋሱም፣ ከአየሩም ሁኔታ ተነሥተው ይወስናሉ። በመጀመሪያው ደረጃ፣ በተለዩ የማደሪያ ቦታዎች ከተሠሩት ምድጃዎች በቀር እሳት ማንደድ ይከለከላል። በሁለተኛው ደረጃ እነዚህም ይከለከሉና አብዛኛውን ጊዜ በቁልፍ የሚዘጋ የጋዝ ምድጃ ብቻ ይፈቀዳል። ይህም ያልበቃ እንደ ሆነ ደኑ ይዘጋል።

«ጥንቁቅ የሆነው ሰው ለምን ከቸልተኛው ጋር ይከለከላል?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ለዚህ መልሱ በታሪክ ይገኛል። በጁን 8 ቀን 2002፣ በኮሎራዶ የእሳት ክልከላ ታውጆ ሳለ፣ ክልከላውን ለማስከበር በጫካው ትዘዋወር የነበረች የደን አገልግሎት ሠራተኛ ራሷ እሳት ለኮሰች። ደብዳቤ አቃጠልሁ ስትል ተናገረች። ሄይማን የተባለው ይህ ቃጠሎ ከ55,000 ሄክታር የሚበልጥ ምድርና ከ130 የሚበልጡ መኖሪያ ቤቶች በላ፤ ወደዚያው ሲጓዙ የነበሩ አምስት የእሳት አጥፊዎችም በመኪና አደጋ ሞቱ። ሠራተኛይቱ ጥፋቷን አምና ታሰረች። እንግዲህ የእሳትን ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ የምታውቀው ጠባቂ ከተሳሳተች፣ «እኔ ጥንቁቅ ነኝ» የሚል ሰው ምን ዋስትና አለው? በ2013 በካሊፎርኒያ አንድ አዳኝ ባነደደው የተከለከለ እሳት ሪም የተባለው ቃጠሎ ተነሥቶ ከ100,000 ሄክታር በላይ አቃጠለ፤ እስከ ዮሴሚቲ ብሔራዊ ፓርክም ዘለቀ።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ተማሪዎችን ያሳሰበን በሴፕቴምበር 2 ቀን 2017 በኦሬገን የሆነው ነው። በእድሜው ከእኛ የሚያንስ የ15 ዓመት ልጅ፣ ክልከላው ጸንቶ ሳለ፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ለጨዋታ ርችት ወረወረ። ወደ 20,000 ሄክታር የሚጠጋ ምድር ተቃጠለ፤ 150 ያህል እግረኞችም መውጫ አጥተው ሌሊቱን በተራራው ላይ አደሩ። ዳኛው ልጁ ከ36 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ እንዲከፍል፣ 1,920 ሰዓትም ለሕዝብ ጥቅም እንዲሠራ ፈረደበት፤ የተፈረደበትን በሚገባ ከፈጸመ ግን ከ10 ዓመት በኋላ ክፍያው ሊቆምለት እንዲችል አደረገ። አንድ ልጅ በአንድ ቅጽበት የሠራውን በሕይወቱ ዘመን ከፍሎ የማይጨርሰው ሆኖ ተገኘ።

ክልከላው ከፍ ወዳለ ደረጃ የደረሰው በሴፕቴምበር 2020 በካሊፎርኒያ የሚገኙት 18ቱ ብሔራዊ ደኖች በሙሉ በተዘጉ ጊዜ ነው። በ2021 ደግሞ ከኦገስት 31 ሌሊት ጀምሮ እንደገና ተዘጉ። ጊዜው የሠራተኞች በዓል የሚከበርበት ስለ ነበረ ብዙ ቤተ ሰብ ጉዞውን ሰረዘ። አብዛኞቹ ደኖች ግን፣ አደጋው ጥቂት ስለ ቀለለ፣ ከተወሰነው ቀን ሁለት ቀን ቀድመው ተከፈቱ።

እርግጥ ነው፣ በር መዝጋት ሁሉን አያድንም። መብረቅ ክልከላ አያውቅም። ደግሞም እሳትን ሁሉ ለረዥም ዘመን ማጥፋት በብዙ ደኖች ውስጥ ደረቅ እንጨት እንዲከማች ስላደረገ፣ ዛሬ ባለሙያዎች በቀዝቃዛው ወራት አስበው የሚያነድዱት እሳት አለ። ነገር ግን መብረቁን መከልከል ባንችልም እጃችንን መከልከል እንችላለን።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ2000 በባሌና በቦረና ደኖቻችን ተቃጥለዋል፤ በ2019ም በሰሜን ተራሮች ፓርክ ሣሩና አስታው ሲነድድ እሳቱን ለማጥፋት ከውጭ አገር ሳይቀር እርዳታ መጥቷል። እኛም በሽርሽር ጊዜ ሦስት ጉልቻ አድርገን ቡና ካፈላን በኋላ አመዱን በእግራችን ገፍተን «ጠፍቷል» ብለን የሄድንበት ቀን አለ። ዛሬ ይህን ታሪክ ስንጽፍ ያ ቀን ትዝ እያለን እናፍራለን፤ ፍም በአፈር ሥር ተዳፍኖ ብዙ ሰዓት እንደሚቆይ አናውቅም ነበርና። እሳት ጠፍቷል የሚባለው ውሃ ከፈሰሰበት፣ ከተማሰለ፣ እንደገናም ውሃ ከፈሰሰበት በኋላ እጅ ሲያስጠጉበት ሙቀት የሌለው እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ የተዘጋ የደን በር ስናይ ደስታችን እንደ ተቀማ አንቍጠረው። ያ በር የሚጠብቀው ዛፉንና አውሬውን ብቻ አይደለም፤ እሳቱን ለማጥፋት የሚወጣውን ሠራተኛ፣ በመንገዱ ያለውን እግረኛ፣ ደግሞም ሳያስብ ክብሪት ሊጭር የነበረውን ልጅ ይጠብቃል።