ሶዶ ያላረፈው ጄት

አምና የዓለም አየር ማረፊያዎችን ዝርዝር ከአንድ ነጻ የመረጃ ቋት አውርጄ እያጸዳሁ ነበር። ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ግማሽ ዕድሜው የሚያልቀው በእንዲህ ዓይነት ጽዳት ነው፤ የተደገመውን ማጥፋት፣ የተሳሳተውን ማረም፣ በረራ የሌለውን ረድፍ መሰረዝ። ከሚሰረዙት አንዱ ላይ እጄ ቆመ። ኮድ፦ ኤስ ኤክስ ዩ። ከተማ፦ «ሶዱ»። አገር፦ ኢትዮጵያ።

ወላይታ ሶዶ! ያደግኩባት ከተማ። ዛሬ ከሶዶ ተነስቶ መብረር የፈለገ ሰው መጀመሪያ መኪና ተሳፍሮ ሀዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ይሄዳል፤ አለዚያም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ኮዱ ግን አለ። ኮድ ደግሞ ዝም ብሎ አይሰጥም።

ለጊፋታ ቤተሰብ ጋ ስሄድ አያቴን ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ሶዶ አውሮፕላን ያርፍ ነበር እንዴ?»

ሳቁብኝ። «ታዲያ ከብቱን የምናባርረው ለማን ነበር?»

ልጅ ሆነው ድምፁን ሲሰሙ ወደ ሜዳው ይሮጡ ነበር። የሚግጡትን ከብቶች ከመሀል ያስወጣሉ፣ አውሮፕላኑ አቧራውን እያጨሰ ይወርዳል፣ ከዚያ ጭራውን መሬት ላይ ጥሎ አፍንጫውን ወደ ዳሞታ ቀስሮ ይቆማል። «እንደ ተቀመጠ ውሻ» አሉኝ። ሰማንያ ዓመት የተጠጋቸው ሰው አቀማመጡን በእጃቸው ሲያሳዩኝ ደስ አለኝና፣ «ሞዴሉን እሠራልዎታለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ።

ጥፋቴ እዚህ ይጀምራል። ሞዴል አውሮፕላን ልሥራ ያለ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚሄደው ወደሚያምረው ነው። እኔም አያቴ የነገሩኝን ባለሁለት ፕሮፔለር ትቼ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመጀመሪያ ጄት መረጥኩ፤ ቦይንግ 720ቢ። አራት ሞተር፣ ወደ ኋላ የተጠረገ ክንፍ፣ ረጅምና ቀጭን አካል። ለምን እንደመረጥኩት ራሴን አሳመንኩ፦ ታሪካዊ ነው፣ ፎቶ አለው፣ ልኩም ይገኛል።

ልክ ነው፣ ታሪካዊ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8፣ 1946) በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነው። ከዚያ ወደ ጄት ለመድረስ 17 ዓመት እንኳ አልፈጀበትም። ኢቲ-ኤኤጂ እና ኢቲ-ኤኤኤች የሚል መለያ የያዙት ሁለት 720ቢዎች በ1955 ዓ.ም. መጡ፤ ጥር 7 ቀን (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15፣ 1963) አንዱ ወደ ናይሮቢ በረረ፣ በማግስቱ የማድሪድ መስመር ተከፈተ። አራት ወር ቆይቶ፣ በግንቦት፣ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ያን ጊዜ ጄት ያለው አየር መንገድ መኖር ምን ማለት እንደነበር መገመት አይከብድም።

720 የቦይንግ 707 ታናሽ ወንድም ነው። አካሉ አጠር፣ ክብደቱ ቀለል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን በድምሩ 154 ብቻ ተመርተዋል። «ቢ» የምትለው ፊደል ሞተሩ ተርቦፋን መሆኑን ትናገራለች። ከመጀመሪያው 720 ሞተር ጋር ሲተያይ ከሲሶ በላይ ተጨማሪ ግፊት ይሰጣል። ለአዲስ አበባ ይህ ቅንጦት አይደለም። ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በ12 በመቶ ገደማ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሞተሩ ደግሞ በዚያው በሳሳ አየር አቅሙ ይቀንሳል። ከላይም ከታችም ይመታሃል ማለት ነው።

ሥራውን በ1 ለ100 ልኬት ጀመርኩ። ርዝመቱ 41 ሜትር ተኩል ነበር፤ በእኔ ጠረጴዛ 41 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ለክንፉ ከአናጺ ቤት የዋንዛ ቁራጭ ለመንኩ፣ ለአካሉ የውሃ ቱቦ ገዛሁ።

ቱቦው አልሆነም። ሁለት ቅዳሜ ካባከንኩ በኋላ ነው የገባኝ፦ የ720 አካል ክብ አይደለም። ወርዱ 3.76 ሜትር ሲሆን ቁመቱ ከዚያ በግማሽ ሜትር ይበልጣል። ሁለት ክቦች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው፣ የተገናኙበት መስመር በወለሉ በኩል ያልፋል፤ ላይኛው ለሰው፣ ታችኛው ለዕቃ። ምሕንድስና የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ቱቦና ቱቦ ያልሆነን ነገር መለየት አቅቶኝ ነበር። ቱቦውን ለቧንቧ ሠራተኛ ጎረቤታችን ሰጥቼ ካርቶን በየሴንቲ ሜትሩ እየቆረጥኩ እንደ ዳቦ ቁራሽ ደረደርኩ፣ በስቱኮ ሞላሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። እናቴ ስለ አቧራው ያለችውን እዚህ አልጽፍም።

ክንፉም የራሱ ጣጣ አለው። 35 ዲግሪ ወደ ኋላ ይጠረጋል፣ 7 ዲግሪ ወደ ላይ ይነሳል። በዚያ ላይ የክንፉ የፊት ጠርዝ ከአካሉ እስከ ውስጠኛው ሞተር ድረስ ትንሽ ወደፊት ወጣ ይላል። ከሩቅ የማትታይ ጉብታ ናት፤ 707 ሲያጥር 720 ላይ የተጨመረች። እሷን ካልሠራህ የሠራኸው ሌላ አውሮፕላን ነው።

ቀለሙ ደርቆ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ መስመርና አንበሳው ከተለጠፉ በኋላ ማኮብኮቢያም ልሥራለት ብዬ አሰብኩ። ስሌቱን ሳየው ደነገጥኩ። ዛሬ ያለው የቦሌ አሮጌው ማኮብኮቢያ 3,700 ሜትር ነው፤ በእኔ ልኬት 37 ሜትር። ግቢያችንን አቋርጦ፣ አጥሩን አልፎ፣ የጎረቤትን ጓሮ ጨርሶ መንገድ ላይ ይወጣል! አውሮፕላኑን በጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ነበር፤ መሬቱን ግን የትም ላስቀምጠው አልቻልኩም።

ታሪኩ የገባኝ ያኔ ነው። ጄት ስትገዛ አውሮፕላን ብቻ አይደለም የምትገዛው። ልደታ የነበረው አሮጌው ማረፊያ ለዚህ አውሮፕላን አልበቃ ስላለ ነው ቦሌ የተሠራው። ረጅም አስፋልት፣ ነዳጅ፣ የጥገና ሃንጋር፣ የሠለጠነ ሰው። ይህን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ማከማቸት ይቻላል፤ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሁሉ ላይ ግን አይቻልም። ዲሲ-3 ሣር ላይ ያርፋል፣ ጄቱ አያርፍም። ስለ መጀመሪያው ጄት ስንጽፍ «አገሪቱ ወደ ጄት ዘመን ገባች» እንላለን፤ እኔ ራሴ እንደዚያ ብዬ ልጽፍ ነበር። የገባችው አዲስ አበባ ናት። ሶዶ ከሰማዩ ጋር የነበራት ዝምድና በዚያ ዘገምተኛ፣ ጭራው መሬት በሚነካው አውሮፕላን በኩል ነበር።

ለማረጋገጥ ያህል የአዲስ አበባ–ናይሮቢን ቀጥተኛ መስመር አሰላሁት። ከሶዶ በስተምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያልፋል። አብራሪዎች እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብለው አይሄዱም፣ ግን ሐሳቡ ያው ነው።

ሞዴሉን ለአያቴ ይዤ ሄድኩ። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ወደ መስኮቱ አስጠግተው ገለበጡት፣ ሞተሮቹን ቆጠሩ።

«ያምራል» አሉ። ቆየት ብለው፣ «ግን ይሄ እዚህ አላረፈም።»

«አዎ አባባ። ይሄ የመጀመሪያው ጄት ነው።»

«ይሄማ በላያችን የሚያልፈው ነው። ያን መቼ ነው የምትሠራልኝ?»

ጄቱ አሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል፤ እንግዳ ሲመጣ «የልጅ ልጄ ሥራ» ይባልለታል። እኔ ደግሞ እንደገና ዋንዛ ለምኜ ዲሲ-3 ጀምሬያለሁ፣ በዚያው በ1 ለ100፤ ክንፉ 29 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይሄኛውን አያቴ ራሳቸው ይቆጣጠራሉ። ባለፈው ቅዳሜ የጭራውን ጎማ ከሸሚዝ ቁልፍ ሠርቼ አሳየኋቸው፤ ጠረጴዛው ላይ አቁመው፣ አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው አዩትና አፍንጫው ትንሽ ከፍ ይበል አሉኝ።